ከሣጥኑ አስቀድሞ ጽሑፉን

ወደ ቤት የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከጥቅሙ ጋር ኀላፊነቱንም ይዞ ይገባል። በሬ የገዛ ሰው ድርቆሹን፣ ሰዓት የሰቀለ ሰው ባትሪውን፣ መጽሐፍ የገዛ ሰው ማኅደሩን ማሰብ ግድ ይሆንበታል። በዘመናችን ከታላላቁ ከተማ አልፎ እስከ ወረዳ ከተሞቻችን የደረሰው ኮምፒዩተርም ከዚህ ሕግ የሚወጣ አይደለም። ልጆች ይማሩበታል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች መዝሙር ይጽፉበታል፤ ሰበካ ጉባኤያት ሒሳብ ይይዙበታል። በሚሠራበት ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ያመሰግነዋል። እንቢ ባለ ቀን ግን ቤቱ በሁለት ይከፈላል፤ ታላላቆቹ «ማንም እንዳይነካው» ይላሉ፤ ታናናሾቹም ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ይጫናሉ። ሁለቱም መንገድ ለቤት እንደማይበጅ ስላየን፣ ስለ ኮምፒዩተር አያያዝና ጥገና ለክርስቲያን ቤተሰብ የሚጠቅም ጥቂት ነገር ለመጻፍ ወደድን።

ውድ አንባቢያን አሳባችንን ከመነሻው እንዲያውቁት በአጭሩ እንገልጠዋለን። ኮምፒዩተር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሣጥኑ ነው፣ ሁለተኛው በሣጥኑ ውስጥ የተጻፈው ነው። ሣጥኑ በገንዘብ ይተካል፤ ጽሑፉ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው በምንም አይተካም። ስለዚህ የጥገና መጀመሪያ ካቻቢቴ ማንሣት አይደለም፤ በውስጡ ምን እንዳለና ቅጂው የት እንደሚገኝ መጠየቅ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ትዕግሥትና ተራ መጠበቅ ይሆናል።

ይህን አሳብ በልባችን ያተመው በአገራችን በአምበር የሆነ ነገር ነው። አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ የዐባይን በረሓ ተሻግሮ በደጀንና በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ መንገደኛ በመንገዱ ላይ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ከተማሪ ቤት ብዙም የራቀ ቤተሰብ የለም፤ ራሱ ቅኔ ያልተቀኘ ሰው እንኳ ቅኔ የተቀኘ አጎት ወይም ወንድም አያጣም።

ለብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ የቅኔ መምህር ነበሩን። ቅኔ በባሕርዩ የዕለቱ ነው፤ መምህሩ በማኅሌቱ ይቀኘዋል፣ ተማሪው በቃሉ ይዞት ይሄዳል፣ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይመጣል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ግን የኔታ ሲያረጁ አይቶ አጠገባቸው እየተቀመጠ ጉባኤ ቃናውንም፣ ዘአምላኪየውንም፣ መወድሱንም፣ ዕጣነ ሞገሩንም በሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ይጽፍላቸው ነበር። እርሳቸውም «ልጄ፣ ይህ ሣጥን ከእኔ ይልቅ ያስታውሳል እንግዲህ» እያሉ ይስቁ ነበር። ጸሓፊው ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ የኔታም ዐረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ፣ በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ተማሪዎቻቸው ቅኔዎቹን በመጽሐፍ አሳትሞ ለማደል አሳብ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ቢበራ ስክሪኑ ጨለማ ሆነ፤ ሣጥኑም ረዘም ያለ ድምፅ እየደጋገመ ይጮኽ ጀመር። ሌላ ቅጂ ደግሞ በየትም አልነበረም።

መሣሪያው ወደ አንድ ጠጋኝ ተወሰደ። ጠጋኙም ጥቂት አይቶ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል፤ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ይጫን» አለ። ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ማለት ሰሌዳውን ጠርጎ ለአዲስ ጽሕፈት ማዘጋጀት ማለት ነው፤ የኔታ ቅኔዎች አብረው ይጠረጉ ነበር። በጠጋኙ ላይ ብዙ ልንፈርድ አንወድም፤ ከሚመጡለት ሰዎች የሚበዙት መሣሪያው እንዲነሣላቸው ብቻ ይጠይቁታልና። እኛ ግን ሣጥኑን እንደ ነበረ ተሸክመን ወደ አምበር መለስነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ከመፍታት አስቀድሞ ማድመጥ ይገባ ነበርና።

ኮምፒዩተር ሲበራ የሚያደርገውን ተራ ማወቅ ለቤተሰብ ሁሉ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይደርሰዋል። ቀጥሎ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ፕሮግራም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ትመረምራለች፤ ማሰቢያውን ክፍል፣ ቀጥሎም ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከዚያም ምስል የሚያወጣውን ክፍል። እነዚህ ደኅና ከሆኑ በኋላ ነው ዲስኩን ከፍታ ዊንዶውስን ወይም ሌላውን ሶፍትዌር የምታነሣው። ስክሪኑ ገና ስላልበራ በዚህ ሰዓት ያገኘችውን ጉድለት የምትናገረው በድምፅ ነው። የድምፁ ትርጕም እንደየሠሪው ይለያያል፤ በእኛ መሣሪያ መመሪያ መጽሐፍ ግን ረጅም ድምፅ ሲደጋገም የራም ጉድለት ምልክት መሆኑ ተጽፎአል። እንግዲህ አስተውሉ፤ መሣሪያው የጮኸው ዲስኩን ገና ሳይነካው ነው። ያልተነበበ ሶፍትዌር ሊያስጮኸው አይችልም። የተፈረደበት ዲስክ ንጹሕ ነበር ማለት ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ እንኳ በቀጥታ ወደ ራሙ አልሄድንም። ኤሌክትሪኩን ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነን በውስጡ የቀረውን ኀይል አስወጥተን፣ ዲስኩን በጥንቃቄ አወጣነውና በማገናኛ ገመድ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር አያያዝነው። ምንም ሳንጽፍበት፣ ምንም ሳናርምበት፣ የነበረውን ሁሉ ወደ ሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ገለበጥን። ከዚያም የተገለበጠው ከዋናው ጋር እኩል መሆኑን በቍጥርም በመጠንም አመሳከርን። ይህ የአባቶቻችን የጸሓፊዎቹ ልማድ ነው፤ ብራና ገልብጦ ያላመሳከረ ጸሓፊ ሥራውን እንደ ጨረሰ አይቈጠርም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ዲስክ ሲሠራ የመንኳኳት ወይም የመፋቅ ድምፅ ከሰጠ፣ ማብራትና ማጥፋት መደጋገም ይቅር። በውስጡ የሚሽከረከረው ሰሌዳና አንባቢው መርፌ እጅግ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ብናኝ እንኳ ይበቃዋል። በቤትም ሊከፈት አይገባም። በውስጡ ያለው ጽሑፍ የሚያስፈልግ ከሆነ ኀይሉን አጥፍቶ ለዐዋቂ መስጠት ነው። የእኛ ዲስክ እግዚአብሔር ይመስገን ጸጥ ብሎ ይሽከረከር ነበር።

ቅጂው ከተገኘ በኋላ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ፋይሎቹን በአዲሱ ኮምፒዩተር ብንከፍታቸው የግእዙ ፊደል አልነበረም፤ በፋንታው የላቲን ፊደላትና እንግዳ ምልክቶች ተሰልፈው ታዩ። ከተማሪዎቹ አንዱ «ተበላሽቷል፤ በቃ ጠፋ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ነገር ግን አልጠፋም ነበር። ይህ ነገር ዛሬም አሮጌ የአማርኛ ጽሑፍ ባለበት ቤት ሁሉ ስለሚያጋጥም ምክንያቱን ጠለቅ አድርጎ ማስረዳት ይገባል።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቍጥር ብቻ ያውቃል። እያንዳንዱ ፊደል በቍጥር ይመዘገባል፤ ፎንት የሚባለው የፊደል መልክ ደግሞ ቍጥሩን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። በቀደመው ዘመን ለአንድ ፊደል የተሰጠው ቦታ 256 ቍጥር ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም ጥቂቱ ለመሣሪያው ትእዛዝ የተያዘ ነው። ለላቲን ፊደል ይህ ይተርፋል። ለእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ከነዘራቸው 20 ይጨምራሉ፤ የግእዝ ቍጥሮች ሌላ 20 ናቸው፤ ድምሩ 271 ይሆናል። ሌሎቹን ዲቃላዎችና ሥርዓተ ነጥቦቹን ገና አልቈጠርንም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩ ሰዎች በብልኀት ሠሩ፤ ከፊሉ ፊደላችንን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ከፊሉም አንዱን ሆሄ ከቁርጥራጭ ምልክቶች አገጣጠመው። ሁሉም የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበርና፣ ያው ፎንት በሌለበት መሣሪያ ላይ ጽሑፉ ወደ ተዋሰበት መልክ ይመለሳል። በእነዚህ ሰዎች ላይ መፍረድ አይገባም፤ እነርሱ ባይሠሩ ኖሮ ያ ዘመን ያለ አማርኛ ጽሕፈት ባለፈ ነበር።

ፊደላችን በየዘመኑ እንዲህ ያለ ጠባብ በር ሲያልፍ ይኸው የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊት በሮም በግእዝ ሲታተም ከብራና ወደ ማተሚያ ተሸጋገረ፤ በኋላም ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ አገር ወዳዶች ለጽሕፈት መኪና እንዲመች ደከሙለት። ለኮምፒዩተር የማያወላውል ቦታ ያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ሥርዓት ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቍጥር ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ያለው ክፍል ለየለት። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም መሣሪያ 4608 ቍጥር ናት፤ ከማንም አልተዋሰችም፣ ማንም አይወስድባትም። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ ስለመጣ፣ ብዙ ሰው ሌላ ፕሮግራም ሳይገዛ አማርኛ ለማንበብ በቃ።

የዜማ ትምህርት ያላቸው አንባቢያን የሚደሰቱበትን አንድ ነገር ደግሞ እንንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የዩኒኮድ እትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት እና ቁርጥ፣ እነዚህ ዐሥሩ የዜማ ምልክቶች የየራሳቸውን ቍጥር አግኝተዋል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክቶች በዓለም የፊደል መዝገብ ገብተዋል ማለት ነው። ሆኖም ቍጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠቀሙበት ፎንት መልካቸውን የያዘ መሆን ይኖርበታል። ምልክቱ በባዶ ሣጥን መልክ ቢታይ ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ፎንቱ አላወቀውም ማለት ነው፤ ፎንቱን መለወጥ ይበቃል።

ወደ የኔታ ቅኔዎች እንመለስ። የተጻፉበት ፎንት በአሮጌው ዲስክ ውስጥ ነበርና አብረን ገልብጠን በአዲሱ መሣሪያ ላይ ጫንነው። ያ ሁሉ የላቲን ምልክት በአንድ ጊዜ ወደ ግእዝ ሲለወጥ በክፍሉ የነበሩት ሁሉ እልል አሉ። ነገር ግን እንዲሁ ልንተወው አልወደድንም፤ ነገ ፎንቱ ቢጠፋ ጽሑፉ ደግሞ ይሰወራልና። አሮጌውን ቍጥር ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ሁሉንም አሳለፍነው። አሮጌውን ግን አልሰረዝነውም፤ ትርጕም ወጣለት ተብሎ ምንጩ አይቃጠልምና።

ከፋይሎቹ ጥቂቶቹ ግን አስቸገሩ። ጸሓፊው በአንድ ወቅት ቅኔዎቹን የፎንት ዐይነት በማይመዘገብበት ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጦአቸው ነበር። ፊደሉ በሁለት ፎንት የተከፈለ ስለነበረ፣ አንዱ ቍጥር በመጀመሪያው ፎንት አንድ ሆሄ፣ በሁለተኛው ሌላ ሆሄ ነው፤ የትኛው እንደ ነበረ የሚናገር ምልክት ግን ቀርቶአል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ፕሮግራም የለም። መፍትሔው የተገኘው ከሰው ነው። የኔታ ደቀ መዛሙርት፣ አሁን ካህናትና መምህራን የሆኑት፣ ከየደብሩ መጥተው ተቀመጡ። አንዱ ያነብባል፤ ቃሉ ሲሰነካከል ሌላው በቃሉ ይሞላል፤ ቤቱ ሲደፋ፣ ልኩ ሲመዘን፣ ሰሙና ወርቁ ሲገጥም «እርሱ ነው፣ እንዲህ ነው ያሉት» ይላሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ታረሙ። ሦስቱን ማንም በቃሉ የያዘ አልተገኘም፤ ባዶ ቦታቸውን ትተን በመጽሐፉ እንዲሁ ታተሙ። መሣሪያ የሚያስታውሰውንና ሰው የሚያስታውሰውን በዚያ ቀን ለይተን አየን፤ አንዱ ለሌላው ምስክር እንጂ ምትክ እንዳልሆነም ተረዳን።

ጽሑፉ ከዳነ በኋላ ወደ ሣጥኑ ተመለስን። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ሆነ። ሣጥኑ ሲከፈት በውስጡ የነበረው አቧራ እንደ ሱፍ ተነጥፎ ነበር። በበጋ ነፋሱ የአውድማውን እብቅ ያመጣል፤ የማገዶና የዕጣን ጢስም አቧራውን ያጣብቀዋል። በዚህም ላይ ቤተሰቦቻችን ኮምፒዩተርን ስለሚያከብሩት በዳንቴል ይሸፍኑታል። ሲጠፋ መሸፈኑ መልካም ነው፤ ሲበራ ግን ዳንቴሉ ይነሣ፤ መተንፈሻውን ይዘጋበታልና። የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ሙቀትን አንሥቶ የመውሰድ ኀይሉ ከቆላው ያነሰ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ እንዲሠሩ ይታሰባሉ፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣማ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ በእኛ አገር መተንፈሻን ንጹሕ ማድረግ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር ማራገፊያ አስወገድን፤ ፋኑን ግን በአየሩ ኀይል እንዳይሽከረከር በጣት ይዘን ነበር። አስቀድመንም እጃችንን የሣጥኑን ባዶ ብረት አስነክተናል፤ በደረቅ ወራት የሱፍ ልብስ የለበሰ ሰው በሰውነቱ የሚሸከመው ኤሌክትሪክ፣ ለራሱ ሳይታወቀው፣ ስስ ዕቃዎችን ሊገድል ይችላልና። ከዚያ በኋላ ራሙን ከቦታው ነቅለን ወርቅማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ቀስ ብለን ጠረግናቸው፤ የላጲሱንም ፍርፋሪ አራግፈን እስኪቆለፍ ድረስ መልሰን ተከልነው። ሲበራ ጩኸቱ ቀረ፤ ስክሪኑም በራ። ዲስኩ እንዲጠረግ የተፈረደበት በደል ይኸው በራሙ ጥርስ ላይ የነበረ እድፍ ነበር።

ነገር ግን ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ነበረው የሠሪው ቀን ተመልሶ ተገኘ። በዋናው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የመሰለች 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ቍጥሩ 20 ሚሊ ሜትር ስፋቷንና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረቷን ያመለክታል። ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ሰዓቱን የምትጠብቀው እርሷ ናት፤ ስትሞትም ዋጋዋ ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም። ባትሪዋን ለወጥናት። ከተማሪዎቹ አንዱ ቀኑን ለማስተካከል ዓመተ ምሕረቱን 2017 ብሎ ሞላ፤ ኢንተርኔቱም አልከፍትም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጥንቁቅ ድረ ገጾች የሚታመኑበት የምስክር ወረቀት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ይሰጣል። መሣሪያው ዘመኑን 2017 ካመነ የዛሬው ምስክር ወረቀት ለእርሱ ገና ያልተሰጠ ነው። 2025 ብለን ብናስተካክለው ሁሉም ተከፈተ። በቤታችን የራሳችንን ባሕረ ሐሳብ እንጠብቅ፤ ለመሣሪያው ግን የገባበትን ስሌት እንስጠው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእርሱ 9 ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለቤተሰብ የሚበጀውን በጥቂቱ እንሰብስብ። ኮምፒዩተር እንቢ ሲል ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ይገባል። ሶኬቱ ኀይል እንዳለው ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር፣ ገመዱን መለወጥ፣ ስክሪኑን ለብቻው ማየት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑ የሚከፈተው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ አምስት ነገር ለውጦ የዳነ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፣ አምስት ነገር ለውጦ የባሰበትም የትኛው እንደ ጐዳው አያውቅም። ከመሣሪያው አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና ቀኑ፣ የታየው ምልክትና የተደረገው ነገር ይጻፍበት። ይህ ደብተር ከቤት ለሚጠራ ጠጋኝም ትልቅ ብርሃን ነው።

ፍላሽ ከፍተው ፋይላቸው ሁሉ ወደ አጭር አመልካች ተለውጦ ያገኙ ሰዎችም አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ እውነተኛውን ፋይል ደብቆት እንጂ አጥፍቶት አይደለም። አመልካቾቹን ሳይነኩ፣ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አስመርምረው፣ የተደበቀው እንዲታይ ቢያዝዙ ያገኙታል። ከማተሚያ ቤትና ከሰው እጅ የተመለሰ ፍላሽ ሁሉ ሳይመረመር አይከፈት፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና።

መሣሪያው የሚንቀረፈፍባቸውም ወዲያው አዲስ ለመግዛት አይቸኩሉ። ሲበራ አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች መቀነስ ዋጋ የለውም፤ ብዙም ያቀልላል። ከዚያ በላይ ለሚሻ የሚሽከረከረውን አሮጌ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው መለወጥ የአሮጌ ኮምፒዩተርን ዕድሜ ያድሳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ ቤተሰቦች ግን መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ይወቁ። መሣሪያቸው ለአዲሱ የማይበቃ ከሆነ፣ በነፃ የሚገኘውና አማርኛ የሚጽፈው ሊኑክስ ለትምህርትና ለጽሕፈት ይበቃቸዋል። ይህንም ቢሆን ከመለወጥ አስቀድሞ ቅጂ ይቅደም።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ቃል እንበል። በአገራችን የሚመጣው ኀይል 220 ቮልት ነው፤ ሲጠፋና ሲመለስ ግን ከልኩ ይዘልላል። ዩፒኤስ የሚገዛበት ዐቅም ያለው ይግዛ፤ የሌለው ኀይሉ ሲጠፋ ገመዱን ነቅሎ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ቈይቶ ይስካ። በክረምት ነጐድጓድ ሲያስገመግም ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬቱ መንቀል ያስፈልጋል፤ የኢንተርኔቱም ሽቦ አብሮ ይነቀል። እየጻፈ ያለ ሰው በየጥቂቱ የማስቀመጥን ልማድ ይያዝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቅጂ ነው። ዐዋቂዎች የሚስማሙበት ልክ ይህ ነው፤ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ ሁለቱ በልዩ ልዩ ዐይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይኑር። ከቤት ውጭ ያለው ቅጂ ምን ያህል እንደሚጠቅም የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ያስተምራል። በጎጃም ተወላጅ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ከ9,000 በላይ ጥራዞች ተነሥተው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ በኮሌጅቪል ተቀምጦ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ያጠኑታል። ከዚያ ወዲህ አገራችን ባየችው መከራ ዋናው ለጠፋበት መጽሐፍ ሁሉ ያ ቅጂ ምስክር ሆኖ ይቀራል። አንድ ቤተሰብ ሚኔሶታ አያስፈልገውም፤ አንድ ዲስክ በእኅት ቤት፣ ወይም አንድ ፍላሽ በክርስትና አባት ሣጥን ይበቃዋል። በዓመት አንድ ቀን፣ ስለማይረሳ ለምሳሌ በቅዱስ ዮሐንስ ማግሥት፣ ተከፍቶ ይመርመር፤ ያልተከፈተ ቅጂ መኖሩ አይታወቅምና።

በየቤታችን ኮምፒዩተርና በየስልካችን ምን እንዳለ እንመርምር። የአያት ድምፅ አለ፤ የልጅ የክርስትና ቀን ሥዕል አለ፤ ያረፈ ወንድም የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ የዕድር መዝገብ አለ፤ መሪጌታው የተናገሩት ታሪክ አለ። ብራናው በማኅደር፣ ማኅደሩም በዕቃ ቤት ይጠበቅ እንደነበረ፣ ይህም ጠባቂ ይሻል። በቤቱ አንድ ወጣት ይህን አደራ ቢረከብ፣ ታላላቆቹም ቢያግዙት፣ መሣሪያው በእንቢታው ቀን ቤቱ አይሸበርም።

የኔታ መጽሐፍ በሙት ዓመታቸው ታደለ። ሦስቱ ባዶ ቦታዎችም በገጾቹ ላይ አሉ፤ የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ እንዲሞላቸው ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት በአምበር ዙሪያ የቅኔ ተማሪ የነበራችሁ አንባቢያን ሁሉ፣ በየልባችሁ ያለውን በየደብተራችሁ አስፍሩት፤ በየደብተራችሁ ያለውንም ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አኑሩት። የአባቶቻችንን ቃል እስከ ዛሬ የጠበቀ አምላክ ለእኛም ትጋቱን ያድለን፤ አሜን።